በቸሮኪ ስትሄዱ የቆማችሁበትን መሬት እወቁ

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቸሮኪ ወደምትባለው ከተማ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ያሳስተዋል። የዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ነው። በየበሩ የሾጣጣ ድንኳን ሥዕል፣ እስከ ወገብ የሚወርድ የንስር ላባ ዘውድ፣ ከፋብሪካ የወጣ የፕላስቲክ መጥረቢያ። ድንኳኑም ዘውዱም ከተማዋ ስሙን የያዘችው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ የቸሮኪ፣ አይደሉም፤ ከዚያ ብዙ ርቀው በምዕራቡ ሜዳ ጎሽ እያደኑ ይኖሩ የነበሩ የሌሎች ሕዝቦች ናቸው። ቸሮኪዎች በወንዝ ዳር ከተማ ቆርቁረው፣ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ እያመረቱ፣ በጭቃ በተመረገ ቤት የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ባለፈው ክፍለ ዘመን መኪና የገዛ አሜሪካዊ ሁሉ ወደ ተራራው ሲጎርፍ በሲኒማ ያየውን “ኢንዲያን” ፈለገ፤ ገበያውም የፈለገውን አቀረበለት። ዘውዱን ደፍቶ መንገድ ዳር ቆሞ ፎቶ በመነሣት ልጆቹን ያሳደገ ቸሮኪ ስላለ በሰዎቹ መፍረድ አይገባም። ግን በዚያ ጎዳና ብቻ ተንሸራሽሮ የተመለሰ ሰው ቸሮኪዎችን አየሁ ባይል ይሻላል።

ዋናውን ነገር ለማየት ሁለት ነገር ማወቅ ይጠይቃል፦ በየትኛው ወር እንደምትሄዱና በማን መሬት ላይ እንደቆማችሁ። ሁለተኛው ይቀድማል።

በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የታወቁ የቸሮኪ መንግሥታት ሦስት ናቸው። ሁለቱ መቀመጫቸው ኦክላሆማ ውስጥ ታሌኳ ነው። ሦስተኛው፣ እዚህ ተራራ ላይ ያለው፣ የምሥራቅ ቸሮኪዎች ይባላል። በ1830 ኮንግረሱ ነባር ሕዝቦችን የማፈናቀያውን ሕግ አወጣ፤ በ1835 አብዛኛው ሕዝብ ያልተቀበለው፣ የቸሮኪን መሬት የሚያስረክብ ውል ተፈረመ፤ በ1838 ወታደር መጣ። ወደ 16,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብ ተነዳ፣ በተለመደው ግምት 4,000 ያህሉ በመጠለያ ካምፕና በመንገድ አለቀ። የዛሬዎቹ የምሥራቅ ቸሮኪዎች ከቀሩት የተወለዱ ናቸው። ገሚሱ ቀደም ባለ ውል መሠረት ከቸሮኪ ግዛት ወጥተው በኦኮናሉፍቲ ወንዝ አጠገብ የሰፈሩ ነበሩ፣ ገሚሱ ደግሞ ጫካ ገብተው ያመለጡ። በስማቸው መሬት መግዛት አስተማማኝ ስላልነበረ ዮናጉስካ የተባለው አለቃ በልጅነት ያሳደገው ዊልያም ቶማስ የተባለ ነጭ ነጋዴ በእነሱ ገንዘብና በራሱ ስም መሬት ገዛላቸው። ቶማስ በኋላ ሲከስር መሬቱ የፍርድ ቤት ሙግት ሆነ፤ በ1876 ወሰኑ ተለካ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት በአደራ ያዘው። ኳላ ባውንደሪ የሚባለው ወደ 57,000 ኤከር የሚደርሰው ይህ መሬት ነው። መንግሥት ከልሎ የሰጣቸው አይደለም፣ በገዛ ገንዘባቸው ያስቀሩት ነው። ስለ ወሰናቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ለምን እንደሚጠነክር ከዚህ ይገባል።

ለጎብኚው የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የነገዱ መሬት፣ የግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክና የክፍለ ግዛቱ መሬት ጎን ለጎን የተሰፉ ናቸው፣ በመሃላቸውም አጥር የለም። አንዱን ምልክት ሳያይ ያለፈ ሰው ሕግ ተቀይሮበታል።

ዓሣ ማጥመድን እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚቀጣው በዚህ ነው። ኦኮናሉፍቲና ሬቨን ፎርክ በነገዱ መሬት ውስጥ ሲያልፉ ነገዱ በራሱ ማራቢያ ያሳደገውን ትራውት የሚባል ዓሣ ይለቅባቸዋል። እዚያ ለማጥመድ የነገዱን ፈቃድ መግዛት ግድ ነው፤ የሰሜን ካሮላይና ፈቃድ አይጠየቅም፣ ቢኖራችሁም አይጠቅማችሁም። ያው ወንዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ፓርኩ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ የሰሜን ካሮላይና ወይም የቴነሲ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የነገዱ ወረቀት ዋጋ የለውም። ማጥመጃውም ይለያል። በነገዱ አጠቃላይ ውኃዎች ትልም ሰክቶ መጣል ይቻላል፤ ፓርኩ ውስጥ ግን የሚፈቀደው አንድ መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው። ትል ኪስ ውስጥ ይዞ መገኘት ራሱ ያስጠይቃል። ፓርኩ ውስጥ ትራውት ከ7 ኢንች ካነሰ ይመለሳል፣ በቀን ከ5 በላይ መያዝም አይቻልም። ነገዱ ደግሞ ዝንብ አስመስሎ ለተሠራ ማጥመጃ ብቻ የለየው፣ የተያዘው ሁሉ የሚለቀቅበት ክፍል አለው፤ ለዚያ ተጨማሪ ፈቃድ ይገዛል። ውድድሮቹ የሚጀምሩት ማርች መጨረሻ ገደማ ነው። ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባቶቻችሁ እተወዋለሁ።

መኪና ማቆምም እንዲሁ ነው። ፓርኩ መግቢያ አያስከፍልም፤ ከማርች 2023 ጀምሮ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ የሚቆም መኪና ተለጣፊ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ለቀን 5፣ ለሳምንት 15፣ ለዓመት 40 ዶላር። ወረቀቱ ታትሞ መስታወት ላይ መታየት አለበት። ስልኬ ላይ አለ ማለት አይሠራም፤ ደግሞም እዚያ ሸለቆ ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ አይዝም። በነገዱ መሬት ላይ ያለው ሚንጎ ፏፏቴ ግን ይህን ወረቀት አይጠይቅም። 37 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከመኪና ማቆሚያው 161 ደረጃ ወጥቶ ትንሽ መራመድ ብቻ ነው። ደረጃው ላይ የሚጎዳ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ የሚጎዱት ከድልድዩ አልፈው በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ለፎቶ የሚወጡት ናቸው።

ቅጠላ ቅጠልስ? ኤፕሪል ላይ ጫካው ራምፕ በሚባል የነጭ ሽንኩርት ሽታ ባለው ቅጠል ይሞላል፤ በከተማውም ከትራውት ጋር ተጠብሶ ይበላል። ፓርኩ ውስጥ መንቀል ክልክል ነው፣ በነገዱ መሬት ደግሞ የነገዱ አባል ያልሆነ ሰው እጁን ይሰብስብ። ሶቻን የሚባለው ሌላው የጸደይ ጎመን የተለየ ታሪክ አለው። ቸሮኪዎች ቀቅለው በስብ የሚጠብሱት ቅጠል ሲሆን ፓርኩ ሲቋቋም የአያቶቻቸው መልቀሚያ በሕግ ተዘጋባቸው። በ2019 ፓርኩና ነገዱ በተፈራረሙት ስምምነት የነገዱ አባላት በፈቃድ እንዲለቅሙ ተመለሰላቸው። ቅጠሉን የሚያነሡት እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ሥሩን ሳይነኩ ነው።

ጁን ሲገባ የከተማዋ ትልቁ የሥራ ወቅት ይጀምራል። ከተራራው ጎን የተሠራው ክፍት ቲያትር ከጁላይ 1 ቀን 1950 ጀምሮ “አንቱ ዚዝ ሂልስ” የሚለውን የመፈናቀል ታሪክ ያሳያል። የጥንቱ ቅጂ ሁሉን ነገር ያንጠለጠለው ጻሊ የተባለ ሰው ለሕዝቡ ሲል ራሱን አሳልፎ ሰጠ በሚለው ትረካ ላይ ነበር። የታሪክ ሰዎች ግን በሰነድ ያገኙት ከዚያ የተለየ ነው፤ በ2006ም ድርሰቱ በነገዱ አመለካከት እንደገና ተጽፎ ነበር። ሂዱና እዩት፤ ታሪክ ለመማር ግን ቀን ላይ የከተማውን የቸሮኪ ሙዚየም ማየት ይሻላል። ጁላይም ቢሆን ተራራው ማታ ይበርዳል፤ ሹራብና የዝናብ ልብስ ያልያዘ ሰው ሁለተኛው ክፍል ላይ ይነሣል።

የኦኮናሉፍቲ መንደር በ1952 የተከፈተ ሲሆን የ1760ዎቹን የቸሮኪ ኑሮ ያሳያል፤ ክፍት የሚሆነው በሞቃቱ ወራት ብቻ ነው። ጠዋት ግቡ፤ አስጎብኚውን እየተከተሉ ከመሮጥ ይልቅ አንድ ባለሙያ ፊት ቆሞ መጠየቅ ይጠቅማል፣ ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ። ለምሳሌ በትንፋሽ ቀስት የሚተኮስበትን የሸምበቆ ቱቦ ተመልከቱ። ከ7 እስከ 9 ጫማ ይረዝማል። ሸምበቆው በእሳት እየተሞቀ ይቃናል፤ ውስጡ ያለው አንጓ በጋለ ብረት ይበሳና ይለሰልሳል። ቀስቱ ከጠንካራ እንጨት የተፋቀ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ከኋላው የእሾህ አበባ ጥጥ በክር ይጠመጠምለታል። የሥራው ምሥጢር ያ ጥጥ ነው። ቱቦውን ግጥም አድርጎ ካልሞላ ትንፋሹ በጎን ያልፍና ቀስቱ አፍንጫ ሥር ይወድቃል፤ ከበዛም ይቀረቀራል። ለአደን የሚወጣው ለጥንቸል፣ ለሽኮኮና ለወፍ ነው፤ ሰው በተለምዶ እንደሚያስበው የጦር መሣሪያ አልነበረም።

በጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው ፓውዋው ደማቅ ነው፣ ከበሮው፣ ልብሱ፣ ከሩቅ የመጡት ጨፋሪዎች። ግን የሁሉም ነገዶች የጋራ በዓል ነው፣ መነሻውም ከቸሮኪ አይደለም። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ጨፋሪዎቹ በሰልፍ ሲገቡ ሰው ይነሣል፣ ባርኔጣ ይወልቃል፤ መድረክ መሪው ፎቶ ይቁም ሲል ስልክ ይወርዳል፤ የጨፋሪ ልብስ አይነካም። የለበሱትን የትያትር ልብስ አስመስሎ መጥራትም ያስቀይማል፤ ላባው ከአያት የወረደ ሊሆን ይችላል።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ኦክቶበር ነው። በወሩ መጀመሪያ የሚደረገው የቸሮኪ አውደ ርእይ ከ1914 ጀምሮ ያለ ሲሆን በዋናነት የሚዘጋጀው ለጎብኚ ሳይሆን ለራሳቸው ነው። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለጦር ሠራዊት አባላት ቀን ይለያል። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የዱባ፣ የበቆሎ፣ በማሰሮ የታሸገ አትክልት፣ የቅርጫትና የሸክላ ውድድር አለ፣ ላሸነፈ ሪባን ይታሰራል። የቱን ቀን የት እንደሚደረግ ከነገዱ የዓመቱ መርሐ ግብር ላይ ማየት አይዘንጋ።

የአውደ ርእዩ ልብ ግን ስቲክቦል ነው። ገናን ተጫውቶ ወይም አይቶ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውም እዚህ ይሠራል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሂኮሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሁለት አጫጭር ዱላ ይይዛል። የዱላው ጫፍ ተለምጦ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፣ በጠፍርም ተጠልፏል። ኳሷ በቆዳ የተለበጠች፣ በመዳፍ የምትሰወር ትንሽ ናት። ከመሬት የምትነሣው በዱላ ብቻ ነው፤ ከተነሣች በኋላ ግን በእጅ፣ በአፍም ጭምር ትያዛለች። ኳሱን ይዞ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ያለፈ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ 12 የቀደመ ቡድን ይረታል። ሰዓት የለም፣ መከላከያ ትጥቅ የለም፣ ባዶ ደረትና ባዶ እግር ነው። ኳሱ በሌለበት ጥግ ሁለት ሰዎች ተያይዘው መሬት ለመሬት ሲታገሉ ብታዩ ጠብ አይደለም፣ ተቃራኒውን ከጨዋታ ማስወጣት የጨዋታው ክፍል ነው። ዳኞቹ ረጅም አርጩሜ ይዘው ይሮጣሉ፤ ክምሩ ሲበዛ በእሱ ይበትናሉ። ግጥሚያው ዎልፍታውን፣ ቢግ ኮቭን በመሳሰሉ ሠፈሮች መካከል ነው፤ ቂሙና ቀልዱ ትውልድ የቆጠረ ነው። የተመልካች ስሕተት አንድ ነው፤ መስመሩ ላይ መቆም። ሜዳው ወሰን ቢኖረውም ኳሱ አያውቀውም፣ አሥር ጎልማሳ አንድ ላይ ተመልካች መሃል ይገባል። ሕፃን የያዘ ሰው ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቾቹ ወደ ወንዝ ወርደው የሚፈጽሙት ሥርዓት አለ፤ ያ መታያ አይደለም፣ አትከተሏቸው። ዱላቸውንም ሳይጠየቅ አትንኩ።

እዚያው የቦሎቄ ዳቦ ካገኛችሁ ብሉ። በባህሉ መሠረት በቆሎው በአመድ ውኃ ተቀቅሎ ልጣጩ ይወልቃል፣ ታጥቦ በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል። ቦሎቄው ለብቻው ይበስልና ከነትኩስ መረቁ ዱቄቱ ላይ ይፈስሳል፤ እየታሸ ይድቦለቦላል፣ በበቆሎ ወይም በሂኮሪ ቅጠል ተጠቅልሎ ይታሰርና አንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ሊጡ ውስጥ ጨው አይገባም። ጨው ከገባ ዳቦው ይፈረፈራል ይላሉ ባለሙያዎቹ፤ ጨውም ስቡም ሲበላ ከላይ ነው። ስለዚህ ለጾመኛ ይመቻል፣ ከላይ የሚፈሰውን ቀልጦ የመጣ የአሳማ ስብ አታድርጉብኝ ማለት ብቻ ነው።

ዕቃ መግዛት የሚፈልግ ከሱቆቹ ጎዳና አልፎ በ1946 ወደተቋቋመው የኳላ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ይሂድ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ባለሙያዎቹ ናቸው። የቅርጫቱ ዋጋ መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ትልልቆቹ በሺህ ዶላር ይቆጠራሉ። ምክንያቱን ካወቁ ግን አያስደነግጥም። ነጭ ኦክ የሚቆረጠው ገና ወጣትና ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው ሲሆን ነው። ይፈለጥና በዓመት ቀለበቱ መሠረት ንብርብሩ ይላጣል፣ ከዚያ በቢላ ይፋቃል። የወንዝ ሸምበቆ ከሆነ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ውስጡ ይወገዳል፣ የሚፈለገው የሚያብለጨልጨው ቆዳው ብቻ ነው። ቡናማው ቀለም ከጥቁር ዋልነት ሥር፣ ብርቱካናማው ብለድሩት ከሚባል ዕፅ ሥር ይወጣል፤ ቅርጫቱ የሚሠራበት ቀጭን ሰንበር ከሥሩ ጋር ለሰዓታት ይቀቀላል። ድርብ የሚባለው ቅርጫት ከሁሉም ይከብዳል፤ ከውስጠኛው መቀመጫ ተጀምሮ ወደ ላይ ይሰፋል፣ አፉ ላይ ሲደርስ ይታጠፍና በውጭ በኩል ወደ ታች ወርዶ መቀመጫው ላይ ያልቃል። ሳይቋረጥ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠራ ሁለት ቅርጫት ማለት ነው። ሸምበቆው ራሱ ብርቅ ሆኗል፤ የሚበቅልበት የወንዝ ዳር ሜዳ ወደ እርሻና ግጦሽ ስለተለወጠ ለቃሚዎቹ ሩቅ ይሄዳሉ። አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ሰንበሩን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ውፍረቱ በመሣሪያ እንደተቆረጠ አንድ ዓይነት ከሆነና የሠሪው ስም ካልታወቀ ተዉት። በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነባር ሕዝብ ያልሠራውን የነባር ሕዝብ ሥራ ነው ብሎ መሸጥን ስለሚከለክል፣ ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የኦክቶበር ሌላው ሲሳይ ኤልክ ነው። ይህ ትልቅ አጋዘን ከአካባቢው ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 ፓርኩ 25፣ በቀጣዩ ዓመት 27 አምጥቶ ካታሉቺ ሸለቆ ለቀቀ። ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው የኦኮናሉፍቲ ጎብኚዎች ማእከል ሜዳ ላይ ንጋትና ምሽት ይሰማራሉ። ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ ወንዶቹ ለሴቶቹ ይፎካከራሉ፤ ድምፃቸው ከዚያ ግዙፍ አካል የማይጠበቅ ቀጭን ፉጨት ነው። ሕጉ ቢያንስ 50 ያርድ፣ ማለትም 46 ሜትር ያህል መራቅ ነው። ብዙ ሰው ወንዱን ፈርቶ ሴቷን ይንቃል፤ ሜይ መጨረሻና ጁን ግን ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ስለምትግጥ የምታጠቃው እሷ ናት። ተኝቶ የተገኘ ግልገል የተጣለ አይደለምና አይነካም።

ወደ ኩዎሂ ለመውጣትም ይኸው ወቅት ይመቻል። 2,025 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ የፓርኩ ጣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ክሊንግማንስ ዶም ተብሎ ኖሮ፣ ነገዱ ጠይቆ በሴፕቴምበር 2024 ጥንታዊ ስሙ ተመልሶለታል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ መመልከቻው ግንብ ግማሽ ማይል ብቻ ነው፤ አስፋልት ነው ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ አዲስ አበባ ያደገ ሳንባም ያለከልካል። ከታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ከላይ 10 ሊሆን ይችላል፣ ጉምም ከሸፈነው የሚታይ ነገር የለም፤ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት የግንቡን የካሜራ ምስል ድረ ገጽ ላይ እዩ። መንገዱ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ዝግ ነው። ለቸሮኪ ተማሪዎች ተብሎ ጠዋት የሚዘጋባቸው ጥቂት ቀናትም አሉ። ፓርኩን አቋርጦ ወደ ቴነሲ በሚወስደው መንገድ ነዳጅ ስለሌለ ቸሮኪ ላይ ሞልቶ መነሣት ነው።

በየመንገዱ ምልክት ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር የምታዩት ፊደል ሴኮያ በ1821 ጨርሶ ያቀረበው ነው። ሴኮያ በምንም ቋንቋ ማንበብ የማይችል የብር አንጥረኛ ነበር። ፊደሉ እንደኛው አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው ይይዛል፤ ልዩነቱ ለ፣ ሉ፣ ሊ እንደምንለው የቤተሰብ መልክ የለውም፣ 85ቱም በየራሳቸው ይጠናሉ። የላቲኑን ዲ የሚመስለው “አ”፣ ደብልዩ የሚመስለው “ላ” ተብሎ ስለሚነበብ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ይምታታበታል። ሙዚየሙ ውስጥ ሠንጠረዡ አለ፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የከተማውን ምልክቶች እያነበቡ እንዲውሉ አድርጉ።

በዚህ ፊደል የታተመው ጋዜጣ፣ ቸሮኪ ፊኒክስ፣ በ1828 የተጀመረው ግን እዚያ ተራራ ላይ ሳይሆን ጆርጂያ ውስጥ ኒው ኢኮታ በተባለው የቸሮኪዎች ዋና ከተማ ነው፤ የ1835ቱ ውልም የተፈረመው እዚያው ነው። ቦታው ዛሬ የጆርጂያ ታሪካዊ ሥፍራ ሆኖ የማተሚያ ቤቱ ተመስሎ ተሠርቷል። አትላንታ አጠገብ ላሉት ለክላርክስተንና ለዲኬተር ሐበሻ ከቸሮኪ ይቀርባል፣ በአይ 75 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ መውጫ 317 ላይ። ከቸሮኪ ሲመለሱ በዚያ ለማለፍ መሞከር ግን መንገዱን ያረዝማል፤ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ስጡት።